«ማኅበሩ ምን ይሰጠኛል?» ላልሽው እህቴ

መንዝ ውስጥ ጤና ጣቢያ ከተመደብሽ ገና ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። የነርሶች ማኅበር አባል እንድትሆኚ ቅጽ ሰጥተውሻል፤ አንቺም «ደመወዜ ወሩን አላደርስ ብሎኝ ለማኅበር ደግሞ ልክፈል? በምላሹስ ምን አገኛለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ አንዱ «ግዴታሽ ነው» አለ፣ ሌላዋ «ገንዘብሽን አትጣይ» አለች፤ ምክንያት የነገረሽ ግን የለም። እኔ በነርስነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግማሹን ደብረ ብርሃን፣ የቀረውን በዙሪያው ወረዳዎች ሠርቻለሁ። አባል የሆንኩትም አስቤበት አይደለም፤ ሥልጠና ላይ ቅጹ ሲዞር አጠገቤ የተቀመጠችው ሞልታ ሰጠችኝና ፈረምኩ።

አስቀድሜ የማታገኚውን ልንገርሽ። ደመወዝ አያስጨምርልሽም። ብዙዎቻችን የሙያ ማኅበርንና የሠራተኛ ማኅበርን እናምታታለን፤ ከዚያ «ምን አደረገልን?» ብለን እንቀየማለን። የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪ ጋር የሚደራደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው፤ ያ አዋጅ ደግሞ እንደ አንቺና እንደ እኔ ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ አይመለከትም። የሙያ ማኅበር የሚተዳደረው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይወተውታል፣ ስለ ሙያው መመሪያ ሲረቀቅ ሐሳብ ያቀርባል። የትርፍ ሰዓት ክፍያሽ ለወራት ሲዘገይ ግን አስገድዶ አያስከፍልልሽም። እድርም አይደለም፤ ድንኳን አይተክልልሽም።

የሚሰጥሽ ሰው ነው። ይህን ስል ቀላል እንዳይመስልሽ።

አንቺ አሁን ባለሽበት ዓይነት ደጋ፣ ያለ ባና ሌሊቱ በማይታለፍበት ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። በኅዳር ወር ለአጨዳ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ወጣት በቃሬዛ አመጡልን። ሰውነቱ እሳት ነው፣ ይቃዣል፣ ጠብታ ውኃ እንኳ አይወርድለትም። ደሙን ስንመረምር ወባ ሆነ። የሪፈር ወረቀት ወዲያው ጻፍን፤ አምቡላንሱ ግን ምጥ የጠናባት እናት ይዞ ከሄደ ቆይቷል። ለከባድ ወባ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ከትምህርት ቤት ወዲህ በእጄ ይዤው አላውቅም። ደጋ ላይ ወባ መቼ ይታይና!

መመሪያው መደርደሪያ ላይ አልነበረም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ነበረ። መብራት የለም፣ አስታማሚዎቹ ያለቅሳሉ፣ እኔም በባትሪ ብርሃን ገጽ ሳገላብጥ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነብባለሁ። ያኔ ሸዋ ሮቢት የሚሠራ አንድ ነርስ ትዝ አለኝ። የተዋወቅነው በማኅበሩ የአንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ ለምሳ ስንሰለፍ ነው። ደወልኩለት፤ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። «መጀመሪያ ዱቄቱን አብሮት በመጣው ባይካርቦኔት አሟሚው፤ ፈሳሹ እስኪጠራ ጠብቂ። በደም ሥር ስለምትሰጪው ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ጨምሪበት። ባለ 60 ሚሊ ግራሙ ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆንልሻል። ልጁ ስንት ኪሎ ነው?» 50 ይሆናል አልኩት። «በኪሎ 2.4 ነው፤ 120 ሚሊ ግራም፣ ሁለት ጠርሙስ ሙሉውን። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ትደግሚዋለሽ። ስኳሩንስ ለክተሻል?» አልለካሁም ነበር። ለካሁት፤ ወርዷል። አምቡላንሱ ሊነጋጋ ሲል መጣ፤ ልጁም ተረፈ። መጽሐፉ ሁሉም ተጽፎበታል፤ «ስኳሩን ለክተሻል?» ብሎ ግን አይጠይቅሽም።

ሁለተኛውን ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ያም ሆኖ አንቺን የሚጠቅምሽ እርሱ ነው። የሆነው በአንድ ሆስፒታል ነው። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልሞላኝም፤ የሙሉ ክፍል ተረኛ ብቻዬን ነኝ። ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት ከራት በፊት የታዘዘው ኢንሱሊን አራት ዩኒት ነበር። ሐኪሙ ግን «ዩኒት» የሚለውን በአንዲት የላቲን ፊደል አሳጥሮ ከቁጥሩ ጋር አጣብቆ ጽፎታል፤ ፊደሏ ከላይ ስትገጥም ዜሮ ትመስላለች። አርባ ብዬ አነበብኩት፤ አርባ ሰጠሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ ሳልፍ አዛውንቱ አንሶላው እስኪርስ ያልባቸዋል፣ ስጠራቸው አይመልሱም። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሰጠሁ፣ ሐኪም አስጠራሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስኳራቸውን እየለካሁ አነጋሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠዋት ቁርሳቸውን በሉ።

በማግስቱ «በቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በዚያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ሙያውን ትቼ እናቴ ቤት ልመለስ ሻንጣ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። በማኅበሩ በኩል የማውቃቸው፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንጋፋ ነርስ ጉዳዩን ሰምተው ቤታቸው ጠሩኝ። አላባበሉኝም። ቡና እያፈሉ አንድ ደብተር ሰጡኝና «ሳትረሺው የሌሊቱን ሁሉ ሰዓት በሰዓት ጻፊ፤ ያጠፋሽውንም ሳትደብቂ» አሉኝ። «የሕመምተኛውን ካርድ እንዳትነኪ፤ አንዲት ፊደል ብታርሚ ጥፋትሽ ወንጀል ይሆናል። የትእዛዙ ወረቀት ቅጂ ከመልስሽ ጋር ይያያዝልኝ በይ። በዚያ ሌሊት ስንት ሕመምተኛ፣ ስንት ነርስ እንደነበረ ከርክክብ መዝገቡ አውጥተሽ ጥቀሽ።» የነርሶች የሥነ ምግባር ደንብ የሚባል ነገር መኖሩን፣ ለፈተና ካጠናሁት ሌላ፣ በሕይወቴ የሚያገባኝ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 ያወጣው፣ በ2021 ደግሞ ያደሰው ነው (ሁለቱም በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር)። ለሕመምተኛ ስላለብን ኃላፊነት ይናገራል፤ ነርስ የራሷን ጤናና ክብር እንድትጠብቅም ይላል። ይህን ሁለተኛውን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም ነበር።

መጨረሻው ተረት አይደለም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ማኅደሬ ውስጥ ገባ፣ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ከሥራ አልተባረርኩም፤ የትእዛዙ ወረቀት ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ስለቀረበ ደግሞ በዚያ ክፍል «ዩኒት» በሙሉ ቃል እንዲጻፍ ተወሰነ። ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ውሳኔው ግን ሐኪሞቹንም ነካ።

የሙያ ፈቃድ እድሳቱን ባጭሩ ልንካው። ፈቃድሽ ሲታደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድሽን የሚያሳይ ነጥብ ትጠየቂያለሽ። የሙያ ማኅበራትም ከሚያሠለጥኑት መካከል ናቸው፤ አባል ከሆንሽ ማስታወቂያው ቶሎ ይደርስሻል። ሳትከፍዪ በፊት ግን ሥልጠናው እውቅና እንዳለውና ስንት ነጥብ እንደሚያስገኝ በጽሑፍ ጠይቂ። ቆንጆ የምስክር ወረቀት ይዘው መጥተው ለእድሳት ያልረባቸው አውቃለሁ።

«ገንዘብሽን አትጣይ» ያለችሽም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። መዋጮ ሰብስቦ ዓመት ሙሉ ድምፁ የሚጠፋ ቡድን አይቻለሁ። ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ሲደርስ ካናቴራ ያሠራል፣ ኬክ ይቆርሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ግንቦት ደህና ሰንብቱ። ኬክ አልጠላም፤ ሁለት ቁራሽ እበላለሁ። ግን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጅሽን አውጥተሽ የሒሳብ ሪፖርቱን ጠይቂ። አንድ ጊዜ ጠይቄ ፊት ነሱኝ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ሪፖርቱ ተባዝቶ ወንበራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ስለዚህ፣ እህቴ፣ መታወቂያውን ኪስሽ ከትተሽ የምትቀመጪ ከሆነ አትክፈዪ። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ወርደሽ ከማታውቂው ሰው ጎን ተቀምጠሽ ምሳ የምትበዪና ስልክ የምትቀበዪ ከሆነ ክፈዪ። ቅጹን ይዘሽ ስትሄጂ የዲፕሎማሽንና የሙያ ፈቃድሽን ቅጂ አዘጋጂ፤ የከፈልሽበትን ደረሰኝ አትጣይው። ተራሽንም ከአሁኑ ተለዋወጪ፤ የጠዋቱ መኪና ካመለጠሽ ስብሰባው ላይ የምትደርሺው ለመዝጊያ ንግግሩ ነው፣ እርሱ ደግሞ ረጅም ነው።