ብርሃን፣ ራዲካልና የካርቦን ትስስር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በብርሃንና በካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር) የካርቦን አቶሞችን ስለሚያስተሳስረው ዘዴ ናቸው። አንድ አንባቢ ሰማያዊ ብርሃን የካርቦንን ትስስር ለመስበር እንኳ አቅም እንደሚያንሰው አስልተው፣ «ታዲያ አዲሱን ትስስር ከየት ያመጣዋል?» ሲሉ ይሞግታሉ።

ስሌቱ ትክክል ነው። የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖ ሜትር የሆነ አንድ ሞል ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) 266 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ሲይዝ፣ የተለመደው ነጠላ የካርቦን ትስስር ለመሰበር 350 ገደማ ይፈልጋል። ሆኖም የብርሃኑ ሥራ መስበር አይደለም። የሩቴኒየም ካታሊስት ብርሃኑን ውጦ ይነቃቃል፤ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ በሚቆየው በዚያ ሁኔታ ሳለም ለሌላ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ይሰጣል ወይም ከእሱ ይወስዳል፤ በዚህ መንገድ የሚፈጠረው ራዲካል (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው ቅንጣት) የሌላ ሞለኪውልን ድርብ ትስስር ሲያጠቃ አዲሱ የካርቦን ትስስር ይወለዳል።

«ዘዴው የተጀመረው በ2008 ነው?» አይደለም፤ ኬሚስቶቹ ካኖ-የሎና ዴሮንዚየር እ.ኤ.አ. በ1984 በሩቴኒየምና በብርሃን የካርቦን ትስስር ሠርተዋል፤ 2008 የማክሚላንና የዩን ቡድኖች ሥራ የብዙዎችን ዓይን የሳበበት ዓመት ነው።

«በሩቴኒየም ፈንታ ኢዮሲን የተባለውን ቀለም ልጠቀም?» ይሞክሩት፤ መብራቱን ግን ወደ አረንጓዴ ይቀይሩ።

አንድ ተመራማሪ ደግሞ መብራቱን ሲያጠፉ ምርቱ መጨመሩን እንዳቆመ፣ ሲያበሩት እንደቀጠለ የሚያሳይ ሥዕል ልከው፣ «ስለዚህ የራዲካል ሰንሰለት (አንዱ ራዲካል ሌላውን እየፈጠረ ያለ አዲስ ብርሃን የሚቀጥልበት ሂደት) የለም» ይላሉ። ይህን ድምዳሜ በስንቱ የምርምር ጽሑፍ እንዳነበብኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። የራዲካል ሰንሰለት ብዙውን ጊዜ ከሰከንዶች በላይ አይዘልቅም፤ ናሙና የሚወሰደው ግን በየደቂቃዎቹ ነው። መብራቱ ሲጠፋ አዲስ ሰንሰለት የሚያስነሳ ስለማይኖር፣ ነባሮቹም ወዲያው ስለሚያልቁ፣ ሰንሰለት ያለውም የሌለውም ሪአክሽን ያንኑ ደረጃ መሰል ሥዕል ያወጣል። ሙከራው የሚያስረዳው ብርሃን ማስፈለጉን ብቻ ነው። መልሱ የሚገኘው በብረት ኦክሳሌት አክቲኖሜትር (የብርሃንን መጠን በሚለካ ኬሚካል) የፎቶኑን መጠን ለክቶ፣ ለተዋጠ ለእያንዳንዱ ፎቶን ስንት የምርት ሞለኪውል እንደተገኘ በማስላት ነው። ውጤቱ ከ1 በእጅጉ ከበለጠ ሰንሰለት አለ፤ ካነሰ ግን የለም ለማለት አያስደፍርም፣ የነቃው ካታሊስት ጉልበቱን በከንቱ ሊያባክን ይችላልና።

በትልቅ ፍላስክ ሲሠሩ ምርት ያነሰባቸው አንባቢ፣ ካታሊስቱ ብርሃኑን ከዳር ባሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውጦ ስለሚጨርሰው መሐሉ ጨለማ መሆኑን ይወቁ። በቀጭን ቱቦ ያፍሱት፤ የቀረውን የኬሚካል መሐንዲስ ይጠይቁ።

ኃይለኛ መብራት አጠገብ ውለው ዓይናቸው የደበዘዘባቸው አንባቢ «ያልፋል?» ብለዋል። ይህ በጽሑፍ የሚመለስ አይደለም። ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን ሬቲናን ሊጎዳ ስለሚችል ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የመብራቱንም የሞገድ ርዝመት ይንገሯቸው። እስከዚያው መሣሪያውን ሳይሸፍኑና ብርሃኑን የሚያግድ መነጽር ሳያደርጉ መብራቱን አያብሩ።