«እኔ ጋ እኮ ይሠራል!»

በዚህ ወር ስለ ድረ ገጽ ሥራ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። ሁለቱ ውስጥ ይህች ከላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር በሌላ አባባል አለች። ለደንበኛ ስንቴ እንዳልኳትና ስንቴ እንዳፈርኩባት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሠርቼ አስረከብኩ። እኔ ጋ ብልጭ ብሎ ይከፈታል። ባለቤቱ ግን «ስልኬ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል» እያሉ ቀሪውን ክፍያ ያዙብኝ። ሰርቨር ልቀይር?
ሀ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጋሼ ማለቱን ተወው፣ ገና 43 ዓመቴ ነው። ሰርቨሩንም ለጊዜው ተወው።

ኮምፒውተርህ እየሸወደህ ነው። ፎቶዎቹን የሠራህ ዕለት አውርዶ ካሽ በሚባል ጓዳው ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ዛሬ ገጹን ስትከፍት ከጓዳው እያወጣ ነው የሚያቀርብልህ። ለባለቤቱ ግን ሁሉም ነገር ከዜሮ ይወርዳል፣ ያውም በሞባይል ዳታ።

ክሮምን ክፈትና ኤፍ 12ን ተጫን። ኔትወርክ የሚለውን ታብ ምረጥ። እዚያ «ዲሴብል ካሽ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ ራይት አድርግባት። አጠገቧ ካለው ዝርዝር ደግሞ የባለቤቱን ኔት እንዲመስልልህ 3ጂን ምረጥ። አሁን ሪፍሬሽ አድርግና ሻይህን ይዘህ ጠብቅ። ሲጨርስ ገጹ በድምሩ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ከታች ይጽፍልሃል። «ሳይዝ» የሚለውን ርዕስ ከባዱ ፋይል ከላይ እስኪመጣ ድረስ ተጫነው። ሳጥኗ የምትሠራው ያ መስኮት ክፍት እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን አትርሳ።

ጥፋተኛው ፎቶ እንደሚሆን እገምታለሁ። በራሴ ደርሶብኛላ! ከዓመታት በፊት ለአንድ የሠርግ አዳራሽ ስሠራ፣ ፎቶ አንሺው በፍላሽ የሰጠኝን 9 ፎቶ እንዳለ ጫንኩት። እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ገደማ ነበር። ገጹ ላይ የምትታየው ፎቶ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ የሚወርደው ግን ግድግዳ የሚሸፍን ነው። ሒሳቡን ሥራው፦ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 36 ሜጋባይት ማለት 288 ሜጋቢት ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚስብ ስልክ 144 ሰከንድ ይፈጃል። ሙሽራ ትጠበቃለች፣ የሙሽራ አዳራሽ ድረ ገጽን ግን ማንም አይጠብቅም።

ስኩሽ የሚባል የጉግል ነፃ መሣሪያ አለ፣ እዚያው ብራውዘር ላይ የሚሠራ። ፎቶህን ክተትበት፣ ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርድ፣ ዌብፒ በሚባለው ቀላል የፎቶ ፎርማት አስቀምጥ። ጥራቱን 75 ላይ ብታደርገው ዓይን ብዙም አይለየውም፣ ፋይሉ ግን ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ስትከፍት ከሚታየው የመጀመሪያ ፎቶ በቀር ሌሎቹ ላይ ኮዱ ውስጥ «ሎዲንግ» የሚለውን «ሌዚ» በለው። አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ ያኔ ይመጣሉ። የእያንዳንዱን ፎቶ ስፋትና ቁመትም ኮዱ ውስጥ ጻፍ። አለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ይገፋዋል፤ «ይደውሉ» የሚለውን ሊጫን የነበረ ጣት ሌላ ነገር ላይ ያርፋል።

ነጭ ሆኖ መቅረቱ ደግሞ ፎንትም ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ፎንት ከስሱ እስከ ደማቁ ስድስት ዓይነት የሚጭኑ ልጆች አውቃለሁ። ሁለት ይበቃሃል። «ፎንት ዲስፕሌይ»ን «ስዋፕ» ካደረግከው ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በስልኩ ፊደል ይታያል።

እኔ መሳቢያዬ ውስጥ መስታወቷ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለችኝ። ዋይፋይ አታውቅም፣ ሆን ብዬ አላስገባኋትም። እሷ ላይ ሳልከፍተው የማስረክበው ሥራ የለም።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን እድር የአባላት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አወጣሁት። ሰብሳቢው «ፀሐይ» ብለው ሲፈልጉ «አልተገኘም» አላቸው። «ወይዘሮ ፀሐይን ማን ሰረዛቸው?» ተብሎ ስብሰባ ሊጠራ ምንም አልቀረም። እኔ ስፈልግ ግን ይወጣል።
ት.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ የምታገኚው ራስሽ እንደመዘገብሽው ስለምትጽፊ ነው። «ጸሀይ» ብለሽ መዝግበሻል መሰለኝ። ለኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ሰው። ፀ እና ጸ አሉ፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አሉ። ብታባዢው ይህችን ባለሦስት ፊደል ስም በ12 ዓይነት መጻፍ ይቻላል።

መፍትሔው ከመፈለግ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይሂዱ። እያንዳንዷን ፊደል በእጅ አትዘርዝሪ። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ፊደሎቻችን በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። ከሐ የቁጥር ኮድ 16 ስትቀንሺ ሀን ታገኛለሽ፣ ከሑ 16 ስትቀንሺ ሁን፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ። ከኀ 128 ቀንሺ፣ ከዐ 48፣ ከፀ 8። ሠ ላይ ደግሞ 16 ደምሪ፣ ሰ ትሆናለች። እንደ ሗ ያሉት ዲቃላዎች በዚህ ሒሳብ አይሄዱም፣ ለብቻ ያዢያቸው። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሺ።

አደራ የምልሽ ግን ሰው የጻፈውን ስም እንዳትነኪ። ለዕይታ እንዳለ ይቀመጥ። የተስተካከለውን አጠገቡ በሌላ ዓምድ አስቀምጪና ፍለጋው በዚያ ይሂድ። የሚፈለገውን ቃልም በዚያው ኮድ አሳልፊው። ብዙዎች ይህችን ይረሷትና መዝገቡን አስተካክለው ጥያቄውን ጥሬውን ይልኩታል። ፊደሉ ሲዋሃድ ሠረቀና ሰረቀም መቀላቀላቸው አይቀርም። ለፍለጋ ችግር የለውም፣ ፀሐይ የወጣችበትም የተሰረቀበትም ይመጣለታል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ የግማሽ ቀን ሥራ ጠፋብኝ። ምን ይሻለኛል?
ከጅማ

መልስ፦ የኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ላይ «ፋይል» የሚለው ሜኑ ውስጥ «አውቶ ሴቭ» አለ፣ አሁኑኑ አብራው። ከዚያ የኮድህን ለውጥ እየመዘገበ የሚይዝልህን ጂት ተማር። አንድ ነገር በሠራ ቁጥር ኮሚት ማድረግ፣ ማለትም ማስመዝገብ፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ኔት ሲመጣ ፑሽ ታደርጋለህ፣ ወደ ኢንተርኔት ትልከዋለህ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ» የሚሉትን ፎልደሮች ያኔ ትሰናበታቸዋለህ። ዴቭዶክስ የሚባለው ድረ ገጽም መማሪያ ሰነዶችን አውርዶ ያለ ኔት ያስነብባል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ያሉ መምህራን እዚህ ያሉ ልጆቻችንን በኦንላይን አማርኛ የሚያስተምሩበት የቀጠሮ ገጽ ሠርቻለሁ። ቅዳሜ በአሜሪካ አቆጣጠር 10 ሰዓት ጠዋት ነው ትምህርቱ። በጋውን ሙሉ በደንብ ሠርቶ ኖቬምበር ላይ መምህሯ ገብተው፣ ልጆች አጥተው ወጡ።
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ኮድዎ ውስጥ የሆነ ቦታ «7 ደምር» የሚል አለ፣ ይፈልጉት። እናንተ በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓት ትቀይራላችሁ፣ እኛ አንቀይርም። ልዩነቱ በጋ 7፣ ክረምት 8 ሰዓት ነው (የእናንተን በጋ ማለቴ ነው)። በበጋው የእናንተ ጠዋት 10 ሰዓት እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። ከኖቬምበር ወዲህ ግን 12 ሰዓት ሆነ። መምህሯ ገጽዎን አምነው አንድ ሰዓት ቀድመው ነው የገቡት።

ቁጥር አይደምሩ። ቀጠሮውን «አሜሪካ/ኒውዮርክ» በሚለው የሰዓት ክልል ስም ይያዙት፣ ለመምህሯ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» በሚለው ያሳዩዋቸው። ለውጡን ብራውዘሩ ራሱ ያውቀዋል። ከወጣው ሰዓት ላይ ለዕይታ 6 ቀንሰው «ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብለው በፊደል ይጻፉላቸው። ባዶውን «12:00» ብቻ ካዩ ቀትር ይሁን ምሽት በምን ያውቃሉ?

ቀኑንም እንደዚያው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው «ኢንትል» የሚባል መሣሪያ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማውጣት ይችላል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የሚያሰላ ኮድ ካለዎት፣ የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 መዋሉን ያስታውሱት።

ጥያቄ፦ ገጻችን ለደንበኛ የሚልከው ኤስኤምኤስ ሁለት ሁለት እየተቆጠረ ሒሳቡ አናታችን ላይ ወጣ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ 160 አይሞላም።
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ 160 ለላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ነው፣ ክፍት ቦታና አራት ነጥብ ተቆጥሮ። የላካችሁልኝን ቆጠርኩት፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ያዘዙት ዕቃ በተሳካ ሁኔታ የተመዘገበ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እየገለጽን ስለመረጡን እናመሰግናለን።» 74 ነው። ለ4 ፊደል ሁለተኛ መልእክት እየከፈላችሁ ነው። «ትእዛዝዎ ደርሶናል። ነገ ጠዋት እንደውላለን።» በሉት፣ 28 ነው። ብቻ ጠዋት መደወላችሁን አትርሱ።