አልትራሳውንዱ «የለም» ቢልም እብጠቱ ካለ

«ስቆምና ሳስል ብሽሽቴ ላይ እብጠት ይወጣል፣ ስተኛ ይጠፋል። አልትራሳውንድ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ። ቡአ አይደለም ማለት ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ ገና አልለየለትም። ቡአ የሆድ ዕቃ በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሲገፋ ነው። ሥራዬ አልትራሳውንድ ማንሳት ስለሆነ እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ አያለሁ።

መጀመሪያ የታዘዘልህን ወረቀት እየው። «የሆድ አልትራሳውንድ» ብቻ የሚል ከሆነ ጉበትና ኩላሊትህ ታይተው፣ ብሽሽትህ ሳይነካ ተመልሰህ ይሆናል። ትእዛዙ ቦታውንና «ቡአ ይጠረጠራል» የሚለውን መጥቀስ አለበት። ፕሮቡም (ቆዳ ላይ የምናስነካው መሣሪያ) ይለያል፤ ለቆዳ ቅርብ የሆነውን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ሜጋኸርዝ በላይ በሆነው፣ ፊቱ ቀጥ ባለው ሊኒየር ፕሮብ ነው።

ቀጥሎ፣ እንዴት ታየህ? በጀርባህ ተኝተህ ብቻ ከሆነ ምርመራው ግማሽ ነው። እኔ አስተኝቼ አያለሁ፣ ትንፋሽህን ይዘህ አምጥ እላለሁ፣ አሳስላለሁ፣ ካልታየኝ አስቆማለሁ። ከሲቲ ስካን ይልቅ አልትራሳውንድን የምወደውም ለዚህ ነው፤ ሲወጣና ሲገባ እዚያው ይታያል። ፕሮቡን ጫን ማለት ግን ጉድ ይሠራል፤ ቀዳዳውን ራስህ ደፍነህ ቡአ ትፈልጋለህ!

ብሽሽት ላይ ምልክታችን ወደ ሆድ ጡንቻ የሚወጡት የኤፒጋስትሪክ ደም ስሮች ናቸው። ቡአው ከእነሱ በውጭ በኩል ከወጣ ኢንዳይሬክት፣ በውስጥ በኩል ከሆነ ዳይሬክት እንላለን። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከታፋው ደም መላሽ ስር አጠገብ ያለው ፌሞራል ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ቶሎም ይታነቃል፤ የወጣው ተጨምቆ ደም ያጣል ማለት ነው። እሱን ስናገኝ አናመነታም።

ሲቆሙ የሚወጣ ሁሉ ቡአ ነው ማለትም አይደለም። በታፋ መነሻ ላይ ያበጠ ደም መላሽ ስርም ሲተኙ ይጠፋል፣ ሲያስሉ ይገፋል። የደም ፍሰትን የሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ፣ ዶፕለር፣ ይለየዋል። ንፍፊትና የስብ እጢ ግን ተኛህም ቆምክም ቦታቸው ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለቀዶ ሐኪም ታይ። በእጁ ካረጋገጠው ሌላ አልትራሳውንድ ላያስፈልግህ ይችላል። ከተጠራጠረ ቆመህና አምጠህ እንዲደገም ጠይቅ፤ ያም ካልለየው ሲቲ ወይም ኤምአርአይ አለ። እብጠቱ ሲወጣ በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

አልገባ ብሎ ከጠጠረ፣ ካመመህ፣ ማስመለስ ከጀመረህ ግን የአልትራሳውንድ ቀጠሮ አትጠብቅ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።