ለሱሉልታው ጠያቂ፦ ጌጁ (የውሃ ግፊት መለኪያው) ሳይታሰር ሊሾ እንዳታስፈስስ

ሰላም ወንድሜ። ሱሉልታ ላይ በምትሠራው ቤት ቤቱን ለማሞቅ 80 ካሬ ወለል ውስጥ የሞቀ ውሃ የሚዞርበት ቧንቧ መቅበር ያዋጣል ወይ፣ ባለሙያው «በፒፒአር (እየተበየደ በሚቀጠለው ደረቅ የፕላስቲክ ቧንቧ) ልሥራው» ማለቱስ ልክ ነው ወይ ብለሃል። ያዋጣል። በፒፒአር ግን እንዳታሠራ።

1. ቧንቧው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፔክስ የሚባለው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቧንቧ ይሁን። ፒፒአር በየመታጠፊያው ኤልቦ (የማዕዘን መቀጠያ) ይፈልጋል፤ ወለል ሥር የተቀበረ ብየዳ ሁሉ ስጋት ነው። ፔክስ ውሃውን ለየዙሩ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ወጥቶ አንድም ቦታ ሳይቀጠል ተጠማዝዞ ይመለሳል። ኦክስጅን መከላከያ እንዳለው ላዩ ላይ አንብብ፤ «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ አትስማ፣ መከላከያ የሌለው ውሃውን የሚያዞረውን ፓምፕ ያዝግብሃል። በ15 ሳንቲም ርቀት ስታነጥፈው ወደ 530 ሜትር ይፈጃል። 8 ዙር አድርገህ ክፈለው፤ አንዱ ዙር ከ80 ሜትር አይለፍ።

2. ከቧንቧው ሥር 5 ሳንቲም ፎም። የፍራሹን ሳይሆን ጠንካራውን፣ ሲረገጥ የማይሰረጉደውን። ይህን የዘለለ ሰው የሚያሞቀው መሬቱን ነው። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲም ስስ ፎም አቁም፤ ወለሉ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ካጣ ሴራሚኩን ያነሳዋል። ቦታህ መረሬ (ሲርስ የሚያብጥ ጥቁር አፈር) ከሆነ ደግሞ አፈሩ በደንብ ወጥቶ በሰሌክትድ ማቴሪያል (ተመርጦ በሚሞላ አፈር) ሳይተካ ይህን ሥራ አትጀምር።

3. አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሊሾ (ቧንቧውን የሚሸፍነው የሲሚንቶ ወለል) ከመፍሰሱ በፊት ቧንቧውን ውሃ ሙላ፣ አየሩን ዙር በዙር አስወጣ፣ ጌጅ አስረህ ግፊቱን በእጅ ፓምፕ 6 ባር አድርስ። ፔክስ ስለሚለጠጥ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መርፌው ዝቅ ይላል፤ አትደንግጥ፣ መልሰህ ሙላው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት እየው፣ ሌሊቱ ሲበርድ ራሱ ትንሽ ስለሚያወርደው። ከዚያ ጌጁን አትፍታ! ሊሾው ሲፈስ አንድ ሰው መርፌውን እያየ ይቁም፤ የእጅ ጋሪም ጣውላ ላይ ብቻ ይሂድ። አካፋ ቧንቧውን ከበሳው መርፌው ወዲያው ይወድቃል፣ ውሃው ፊትህ ይፈነጥቃል፣ በመቀጠያ ይጠገናል። ፎርማኑ «ሲሚንቶው ሊደርቅ ነው፣ እንቀጥል» ይልሃል። አትቀጥል። ጌጅ ሳይኖር የተበሳው የሚታወቀው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነው፦ በየጥቂት ቀኑ ግፊት ይጎድላል፣ አንድ ጥግ ላይ የሴራሚኩ መገጣጠሚያ ይጠቁራል። እዚያ ሲቆፈር ቀዳዳው የለም፤ ውሃው ፎሙ በተሸፈነበት ላስቲክ ላይ ተንሸራቶ የመጣው ከሌላ ክፍል ነው። ስንቱ ጥሩ ሴራሚክ እንዲህ በከንቱ ተፈልጧል።

ከቧንቧው በላይ 4.5 ሳንቲም ሊሾ ይኑር። ለ21 ቀን ሙቀት አታስገባበት፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማሞቅ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ 3 ቀን በ25 ዲግሪ ውሃ፣ ቀጥሎ ቀስ እያልክ እስከ 40።

ሙቀቱን ከሶላር ልታመጣ ነው ብዬ ልያዝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ የሚከፋው ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነው፤ ያው ጥርት ያለ ሰማይ ቀን ፀሐይ ይሰጥሃል። 300 ሊትር ታንከር ከ65 ወደ 35 ዲግሪ ሲወርድ የሚሰጠው 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ቤትህ በየሰዓቱ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ከፈለገ ሌሊቱን አያደርስህም። ስለዚህ ፓምፑን ከረፋድ እስከ ማታ አሽከርክረው። ያ ሁሉ ሊሾ በ1 ዲግሪ ከ2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይይዛል፣ ማታ መብራት ቢጠፋም ሙቀቱን ይለቃል። የታንከሩ ውሃ በቀጥታ ወለል ውስጥ አይግባ፤ በሙቀት መለዋወጫ በኩል ይሁን፣ ትኩሱን ከቀዝቃዛው እያደባለቀ ከ40 ዲግሪ በላይ የማያሳልፍ መቀላቀያ ቫልቭም ይኑረው። በእግርህ የምትረግጠው ከ29 ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

በዚያው ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ አዙሮ ማቀዝቀዝም ይቻላል፤ ለሱሉልታ ግን አያስፈልግም፣ በክረምት እርጥበትማ ወለሉ ያልበዋል።

ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ሜትር ዘርግተህ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሳ። የሽንት ቤት መቀመጫ ብሎንና የበር ማቆሚያ የሚገቡበት ቦታ ላይ ቧንቧ አታሳልፍ፤ ድሪል የያዘ ሰው መምጣቱ አይቀርም።