አዝጋሚ ባሩድ በ45-70 ቀለሃ ውስጥ፦ ሞክሬ ያየሁት

ወንድማችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ፣ 45-70 የሚጎርስ አሮጌ ጠብመንጃ አላቸው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጥላሸት ማጠቡ ስለሰለቻቸው፣ በእጃቸው ያለውን ኤች 4831 የተባለ አዝጋሚ ጭስ አልባ ባሩድ ቀለሃው እስኪሞላ ድረስ ሊጨምሩበት አስበዋል። ባሩዱ ዝግ ብሎ የሚነድ ከሆነ ግፊቱም ዝቅ ይላል፣ አሮጌውንም ብረት አይጎዳም የሚል ግምት አላቸው። እኔም ከዓመታት በፊት በዚሁ ግምት ተመርቼ ስለሞከርኩት ምክሬ እንዲተውት ነው፤ ምክንያቱንም ላስረዳ።

45-70 በ1873 ለአሜሪካ ጦር ስፕሪንግፊልድ ጠብመንጃ የወጣ ጥይት ነው። ስሙ የሚነግረን የእርሳሱን (ከበርሜሉ የሚወጣውን ተተኳሽ) ውፍረትና ቀለሃው የሚይዘውን 70 ግሬን (ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው) ጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ እርሳሱ 405 ግሬን ይመዝን ነበር። ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ ብዙ ሳይቸገር ነድዶ ይጨርሳል፤ ቀለሃው ረጅምና ሰፊ ሆኖ የተሠራውም ለዚያ ባሩድ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ግን የአነዳዱን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ግፊት ነው፤ ግፊት ሲያጣ፣ ማራገቢያ እንዳጣ ከሰል ይዳፈናል። 4831 ደግሞ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የ20 ሚሊ ሜትር መድፍ ባሩድ ሆኖ ነው። ምን ያህል ግፊት ሲጠብቅ እንደኖረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። 30-06 የተባለው ሌላ የጠብመንጃ ጥይት አንገቱ የጠበበ ቀለሃ አለው፤ የሚይዘው የባሩድ መጠን ከ45-70 ብዙም አይራራቅም። የ30-06 እርሳስ ውፍረት 0.308 ኢንች፣ የ45-70ው 0.458 ኢንች ስለሆነ፣ የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ሲሰላ የኋለኛው ከፊተኛው 2.2 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት እርሳሱ በበርሜሉ ውስጥ አንድ ኢንች በተራመደ ቁጥር ከኋላው የሚከፈተው ባዶ ቦታ ከእጥፍ በላይ ነው። ጋዙ ገና ከመፈጠሩ ሰፊ ቦታ ስለሚያገኝ ይበታተናል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ አዝጋሚው ባሩድም መንደዱን ሳይጨርስ እርሳሱን ተከትሎ ይወጣል። ቀለል ያለ 300 ግሬን እርሳስ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ባሩዱ ሙቀት ሳያገኝ እርሳሱ አምልጦታልና። 500 ግሬን የሚመዝነው ከባድ እርሳስ ግን ቀስ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ ለባሩዱ ጊዜ ይሰጠዋል። መካከለኛ ፍጥነት ያላቸው አንዳንድ ባሩዶች በከባድ እርሳስ ተስማምተው በቀላል እርሳስ የሚያስቸግሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በሙከራዬ ዕለት የፍጥነት መለኪያ ከፊቴ ተክዬ ከተኮስኳቸው አሥር ጥይቶች መካከል፣ በፈጣኑና በዝግተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከ150 ጫማ በሰከንድ በላይ ነበር። ቀለሃዎቹ ሲወጡ ከአፋቸው እስከ ወገባቸው በጥላሸት ጠቁረዋል። ቀለሃው በግፊት ተለጥጦ የጥይት መጉረሻውን ግድግዳ ስላልደፈነ ጋዙ ወደ ኋላ አምልጧል ማለት ነው። በርሜሉን ወደ ነጭ ጨርቅ አዘንብዬ መታ መታ ሳደርገው፣ ጫፋቸው ብቻ ተለብልቦ መሐላቸው ያልነደደ የባሩድ ቁርጥራጮች ወረዱ። ሰባተኛው ጥይት ላይ የጠብመንጃው መዝጊያ እምቢ አለኝ። አውራ ጣቴን ጭኜ ልገፋው ስል አንድ ነገር ከለከለኝና ጥይቱን አውጥቼ በባትሪ ባይ፣ ሦስት አራት ያልነደዱ ቅንጣቶች በመጉረሻው ግድግዳና በቀለሃው መካከል ተሰክተዋል። በኃይል ገፍቼ፣ መዝጊያው በቅጡ ሳይቆለፍ ምላጩን ስቤው ቢሆን ኖሮ ይህን መልስ ሌላ ሰው ይጽፍላችሁ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ነው። ሰው ባሩዱ አልነደደም ብሎ አያቆምም፤ ኃይለኛ መለኮሻ ካፕሱል ያስገባል፣ የቀለሃውን አፍ በእርሳሱ ላይ አጥብቆ ይቆነጥጣል፣ እርሳሱንም በከባድ ይለውጣል። እያንዳንዱ ለብቻው የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን መለኪያ በሌለው፣ በየትኛውም የጥይት አሞላል መመሪያ ባልተጻፈ ውሕድ ላይ ሲደራረቡ፣ ባሩዱ አንድ ጊዜ ግፊት ካገኘ እየፈጠነ ስለሚነድ ግፊቱ የት ላይ እንደሚቆም ከወንበር ላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። አዝጋሚ ባሩድ የግፊቱን ጊዜ ያረዝመዋል፣ ወደ ፊትም ይገፋዋል እንጂ የግፊቱን ከፍታ በራሱ አይወስንም። ከመጉረሻው ራቅ ሲል የሚሳሳ አሮጌ በርሜል ደግሞ ይህ ወደ ፊት የተገፋ ግፊት አይመቸውም።

ለአዝጋሚ ባሩድ የሚቆምለትንም ልናገር። ቀለሃውን ስለሚሞላ በስህተት ሁለት ጊዜ መጨመር አይቻልም፤ በትንሽ መጠን ከሚሞላ ፈጣን ባሩድ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ትንሽ ባሩድ በቀለሃው ውስጥ የሚተወውን ክፍተት ለመሙላት ሲባል በባሩዱ ላይ ጥጥ መሰል ነገር የሚወትፉ አሉ። አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ እያደረገ ሲተኩስ ከርሞ፣ አንድ ቀን የመጉረሻውን ውስጥ ሲፈትሽ ውታፉ በሚያርፍበት ልክ ዙሪያውን የቀለበት ጠባሳ አገኘበት። ከዚያ ወዲህ ቀለሃው እዚያ ቀለበት ላይ እየተለጠፈ አልወጣ ይለዋል። ውታፍ የሚገባው መመሪያው በግልጽ ሲያዝ ብቻ ነው፤ ያለ መመሪያ በልምድ ብቻ ክፍተቱን በውታፍ መሙላት አያዋጣም።

አሁን ምን ይደረግ ለሚለው፣ የአሞላል መመሪያዎች 45-70ን በሦስት ደረጃ ከፍለው የሚያትሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ለአሮጌው ስፕሪንግፊልድና ለመሰሎቹ፣ ሁለተኛው በማንሻ ለሚያጎርሱ ጠብመንጃዎች፣ ሦስተኛው ለዘመናዊ ጠንካራ ባለአንድ ጥይት ጠብመንጃዎች ነው። ለጥይቱ የተቀመጠው የኢንዱስትሪ ጣሪያ 28,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ሲሆን የ30-06 ጣሪያ 60,000 ነው፤ አሮጌው ስፕሪንግፊልድ ከ28,000ውም በታች እንዲቆይ ይመከራል። እርስዎ ከመጀመሪያው ደረጃ ገጽ አይውጡ። በዚያ ገጽ ላይ አይኤምአር 4198 እና አይኤምአር 3031 የተባሉትን ባሩዶች ብዙ ጊዜ ያገኛሉ፤ አኩሬት 5744 ደግሞ በዝቅተኛ ግፊት እንዲነድ የታሰበ ነው፣ ጥቂት ቅንጣት ጥሎ ቢሄድም ፍጥነቱ አይዋዥቅም። እኔ በ3031 ከ405 ግሬን እርሳስ ጋር ከመነሻው መጠን ጀምሬ ስሠራ፣ የፍጥነቱ ልዩነት ከ30 ጫማ በሰከንድ ያልበለጠ ሆኖ አገኘሁትና እዚያው ቆምኩ።

ምላጭ ስበው ጠብመንጃው ዝም ካለ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ወደ ኢላማው እንዳነጣጠሩ ይቆዩ፤ በደንብ ያልተለኮሰ ባሩድ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ደክሞ ከተሰማዎት ደግሞ ሌላ ጥይት ከማጉረስዎ በፊት በርሜሉ ውስጥ እርሳስ ተሰክቶ እንዳልቀረ ማየት ግድ ነው።

4831ዎን አይጣሉት፤ አንገቱ የጠበበ ቀለሃ የሚሞላ ባልንጀራ ካለዎት እርሱ ጋር በክብር ይነድዳል። እስከዚያው ግን ከፋብሪካ በመጣበት ጣሳ ይቀመጥ፣ እንዲለኮስ እያሉ ከሥሩ ትንሽ ፈጣን ባሩድ ከመጨመርም ይቆጠቡ፤ የሁለቱን ድምር የሚለካ መመሪያ አልታተመም።