በእጅ የተሠራ የጃፓን የመጋዝ ሞረድ መግዛት ይገባል ወይ?

ዶዙኪ የተባለው፣ ስለቱ ስስ የሆነው የጃፓን መጋዝዎ እንደ ደነዘ፣ ያለዎት ባለሦስት ማዕዘን ሞረድ በጥርሶቹ መካከል አልገባ እንዳለ ገልጸው፣ በጃፓን በእጅ ለሚሠራ ውድ ሞረድ ገንዘብ ማውጣት ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። እነዚህን መጋዞች ለዓመታት የሳልኩ በመሆኔ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ከሁሉ በፊት የጥርሶቹን ጫፍ በደንብ ብርሃን ላይ ይመልከቱ። ጫፋቸው ወደ ጥቁር ሰማያዊ የጠቆረ ከሆነ በኤሌክትሪክ ኃይል ለቅጽበት ግለው የጠነከሩ ናቸውና ሞረድ አይበላቸውም፤ ሞረዱ ተንሸራትቶ ራሱ ይበላሻል። እንዲህ ያለው መጋዝ ሲደነዝ ስለቱ ይለወጣል እንጂ አይሳልም። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ስለሆኑ ጥያቄዎ እዚሁ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

የሚሳል ከሆነ ግን፣ የጃፓን መጋዝ አግድም የሚቆርጥበት ጥርስ ረጅምና ቀጭን በመሆኑ፣ ከሁለቱ ጎኖቹም ሌላ ጫፉ ላይ ሦስተኛ ትንሽ ገጽ ስለሚወጣለት፣ የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ሆኖ ሁለቱ ጠርዞቹ እንደ ቢላዋ የሳሱ ሞረድ ነው። በእጅ ሲሠራ ባለሙያው ገና ያልጠነከረውን ብረት በመሮና በመዶሻ እየመታ መስመር በመስመር ጥርስ ያወጣለታል። መሮው ቀድሞ በተመታው መስመር ከንፈር ላይ እየተደገፈ ስለሚያርፍ መስመሮቹ እጅግ ቢቀራረቡም ፍጹም እኩል አይሆኑም፤ ሞረዱ ስስ ስለት ላይ ሳይንጫጫና ሳይዘል እንዲሄድ የሚያደርገውም ይኸው ጥቂት መዛነፍ ነው። ከዚያ በአኩሪ አተር የሚዘጋጀውን ሚሶ ቀብተው ያግሉትና ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ወጥ ቤት የሚገኝ ነገር ለብረት ሥራ መዋሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ነገር ግን ሚሶው የጥርሶቹ ጫፍ እሳት ላይ ካርቦኑን አጥቶ እንዳይለሰልስ ይከላከላል።

እንደ እኔ ከሆነ በማሽን በተሠራ የጃፓን ሞረድ ይጀምሩ፤ እጅዎ ሲለምድና መጋዙም ጥርሱ የደቀቀ፣ በእጅ የተሠራ ሲሆን ያኔ ውዱን መግዛት ተገቢ ነው። ጀማሪ ሞረድ የሚጨርሰው በመልስ ጉዞ እየጎተተ ነው፤ ወደ ፊት ብቻ በቀስታ ይግፉ፣ ሲመለሱ ያንሡት፣ ዘይት አይንኩት። መጋዙን በሁለት ጣውላዎች መካከል አጣብቀው ጥርሶቹ ብቻ ብቅ እንዲሉ ያድርጉ፤ ካልሆነ ስለቱ ይርገበገባል። ሞረዱን ሲያዝዙም የጥርሶቹን መራራቅ ለክተው ለሻጩ ይንገሩት፤ የሞረዱ መጠን የሚመረጠው በዚያ ነው።