መልስ፦ ሕጉማ አለ፣ የሚያውቀው ነው የጠፋው
ወንድሜ፣ “አከራዬ የፋይዳ መታወቂያህን ፎቶ በቴሌግራም ላክ አለኝ፤ የሚጠብቀኝ ሕግ አለ? ሰውስ ያምንበታል?” ላልከው፣ አዎ፣ ሕግ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃህን የሚሰበስብ አካል ለምን እንደፈለገው ሊነግርህ ይገባል። የያዘብህን ማየት፣ ስህተቱን ማሳረም፣ እንዲጠፋ መጠየቅም መብትህ ነው።

እምነቱ ላይ ግን ገና ነን። ባለፈው ለሥራ ላመለክት አንድ ቢሮ ሄድኩ። የአመልካቾች መታወቂያ ኮፒ ጀርባው ማስታወሻ መጻፊያ ሆኗል። ገልበጥ ሲል የአንዲት ልጅ ፎቶና ስልክ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንጀቴ አረረ። ጸሐፊዋን ብጠይቃት “ምን ችግር አለው?” አለችኝ። ክፋት የላትም፣ የነገራት የለም። እኛም መብታችን መሆኑን ስለማናውቅ አንጠይቅም።

አንተ ግን ዝም ብለህ እንዳትልክ። መጀመሪያ ለምን እንደፈለገው በጽሑፍ ጠይቀው። መታወቂያውን በአካል ማሳየት ከበቃው እሱ ይሻላል። የግድ ከሆነም ፎቶው ላይ “ለቤት ኪራይ ውል ብቻ” ብለህ ከነቀኑ ጻፍበት። የተጻጻፋችሁትንም ስክሪንሾት አድርገህ ያዝ።